ሚስማር የሌለው ጠረጴዛ

«ሻምበል ያርጋልን ጉም በላቸው» አለ ሳጅን አንዳርጋቸው በስልክ። ይህን ብሎ ዘጋው። ሳጅን ወሬ ሲያበዛ ማቆሚያ የለውም፤ ቁም ነገር ሲሆን ደግሞ ቃል ይቆጥባል።

ኢንስፔክተር ባንቻየሁ ዳባት ካለው ቤቷ የወጣችው አንዱን የጫማ ክር ሳታስር ነው። ደባርቅ እስኪደርሱ ድረስ መኪናው ውስጥ ተደላድላ አልተቀመጠችም። መስኮቱን አንዴ ዝቅ፣ አንዴ ከፍ፣ ከኪሷ ቆሎ ቆንጠር፣ እንደገና መስኮቱን። ባሏ «አንቺን ጉንዳን መንገድ ላይ ነው የወለዱሽ» ይላታል። እውነቱን ነው። ነገር ሳይገባት ወንበር አይቀበላትም።

ሻምበል ያርጋልን ከዳባት እስከ ዛሪማ የማያውቅ ሾፌር የለም። በጦርነቱ ዘመን የቦምብ ጣይ አውሮፕላን ናቪጌተር ነበሩ። አብራሪው መሪውን ይይዛል፤ ወዴት እንደሚበር የሚነግረው፣ ቦምቡንም አነጣጥሮ የሚለቀው ግን ናቪጌተሩ ነው። መንግሥት ሲለወጥ ታሰሩ፣ ተፈቱ፣ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ባሏ የሞተባትን እህታቸውን ወይዘሮ እታለምንና ልጇን ቢራራን ይዘው ከደባርቅ ወጣ ብሎ ሊማሊሞ አፋፍ ላይ ቤት ሠሩ። ሚስት አላገቡም። ንብ ያነቡ ነበር፤ ሰው የሚያውቃቸው ግን በጉም ነው። በየቀኑ አመሻሹ ላይ አፋፉ ላይ ካለች ድንጋይ ላይ ይቀመጡና ከቆላ የሚወጣውን ጉም ያነባሉ። የሊማሊሞን ጠመዝማዛ መንገድ የሚወጣ የሚወርድ ሾፌር ሁሉ ይደውልላቸዋል። መልሳቸው ሁለት ብቻ ነው። «ንጹሕ ነው፤ ና» ወይም «ጉም ገብቷል፤ ባለህበት ቁም።» ከዚያ ያለፈ ወሬ ከሳቸው አይገኝም።

አሁን ከአፋፉ በታች፣ ቀፎዎቻቸው በተደረደሩባት ጠባብ ሜዳ ላይ፣ በጀርባቸው ተንጋለው ተኝተዋል። ዓይናቸውን አንድ ሰው ከድኖላቸዋል። ጫፉ ብረት የለበሰው ዱላቸው ከቀኝ እጃቸው ሥር ነው። የድሮ ኮምፓሳቸው በክር ታስሮ ደረታቸው ላይ ተቀምጧል።

«ግልጽ ነው፤ ጉም ገብቶባቸው አንድ እርምጃ ስተው ነው» አለ ሳጅን አንዳርጋቸው። «ይኸው ኮምፓሳቸውን ይዘው መንገድ ሲፈልጉ። ምስኪን። እንዝጋው፣ ኢንስፔክተር?»

«ገና ሳይከፈት ምኑን ነው የምትዘጋው?» አለችውና ተንበረከከች። የሻምበል ጋቢ በዝናብ ረጥቦ ይንጠባጠባል። በጀርባቸው ሥር እጇን ሰደደች። ሣሩ ደረቅ ነው። «ዝናቡ መቼ ነው የጣለው?»

«እኩለ ሌሊት ግድም ጀምሮ ሊነጋ ሲል አባራ።»

«እንግዲያው ከዝናቡ በፊት ነው እዚህ የተኙት።»

ከሻምበል ኮት ኪስ ስልክ ጮኸ። ሳጅን ሊዘጋው እጁን ሲሰድ ባንቻየሁ ቀደመችውና አነሣችው። መስተዋቱ ተሰንጥቋል፤ ግን ይሠራል።

«ሻምበል! ሙጃሂድ ነኝ፤ እንዴት ነው ጉሙ?» አለ አንድ የጎረነነ ድምፅ።

«ሻምበል አሁን ማነጋገር አይችሉም። ፖሊስ ነኝ። አንተ የት ነህ?»

«ዛሪማ። ትናንት ማምሻውን ደውዬ አላነሡም። እሳቸው ካልመለሱ ማን ይንቀሳቀሳል? መኪናችንን ደርድረን እዚሁ አደርን። ደኅና አይደሉም እንዴ?»

«መልሰህ ደውል» አለችና ዘጋችው። ከዚያ በኋላ ስልኩን ለማንም አልሰጠችም።

ቄስ መልከ ጼዴቅ ጥላቸውን ዘርግተው ከቀፎዎቹ አጠገብ ቆመው ነበር። ዝናብ የለም፤ ፀሐይም የለም፤ ጥላው ግን ተዘርግቷል። ቀረብ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ ያርጋል የንስሐ ልጄ ነው። ሰው ግን ማውራት ጀምሯል። 'ሰሞኑን አንገቱን ደፍቶ ነበር፤ ራሱን ወርውሮ ነው' ይላሉ። እንዲያ ከሆነ ፍታት ልፈታለት አልችልም፤ ሥርዓቱ አይፈቅድልኝም። እንደ ባዕድ ይቀበራል። ጉም ነው ካልሽኝ ግን እንደ ወጉ እሸኘዋለሁ። ቀብሩ ዛሬ ከቀትር በኋላ ነው።»

«እስከዚያ እነግርዎታለሁ፣ አባ። ማን ነው ያገኛቸው?»

«ካሚል፣ ባለሱቁ። ሊነጋጋ ሲል እየሮጠ መጣ። ሽማግሌ ሰብስቤ ለእታለም መርዶ ልንነግር ሄድን። ምኑን ነገርናት! ገና ከአጥሩ በር ስታየን 'ወንድሜን! ያርጋልዬን!' ብላ መሬት ላይ ተዘረጋች። አፋችንን እንኳ አልከፈትንም። የደም ነገር ነው፤ ልቧ ነግሯት።»

ባንቻየሁ ቆሎዋን ማኘክ አቆመች።

የሻምበል ክፍል ከእህታቸው ቤት ጋር አንድ ግቢ ነው፤ በሩ ግን ለየብቻ። ወይዘሮ እታለም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ጉንጫቸው በለቅሶ ተቧጥጦ፣ በሩን በቁልፍ ከፈቱላት። ውስጡ አንድ አልጋ፣ የግድግዳ ካርታ፣ ጥግ ላይ አንድ ጠረጴዛ።

«ወንድምዎን መጨረሻ ያዩዋቸው መቼ ነው?»

«ማታ። ወደዚህ ሲገባ አየሁት፤ ከዚያ እኔም ተኛሁ። ንጋት ላይ ጉሙን ሊያይ ወጥቶ ይሆናል። እንዲያ ያደርጋል አንዳንዴ።»

«ስለዚህ ሽማግሌዎቹ እስኪመጡ ድረስ ተኝተዋል ብለው ነበር የሚያስቡት?»

«አዎን፣ እናቴ። ምን አውቄ።»

«ልጅዎ ቢራራስ?»

«እሱማ መንገድ ላይ ነበር። ከሽሬ ጭነት ይዞ ሲመጣ። ከትናንት ቀን ጀምሮ ስልኩ አልሠራ ብሎኝ፣ የት እንዳደረ እንኳ ሳላውቅ ነው የነጋልኝ። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ደረሰ። ዛሪማ አደርኩ አለኝ።»

ባንቻየሁ ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አለች። ወይዘሮ እታለም ሳያስቡት ክንዷን ያዝ አደረጓት፤ ወዲያው ለቀቋት።

«ይቅርታ፣ ልማድ ሆኖብኝ። ይህቺን ጠረጴዛ ማንም እንዲነካት አይፈልግም። አቧራዋን እንኳ የሚወለውል ራሱ ነው። ይህን ያህል ዘመን አብሬው ስኖር አንድ ቀን አልቀረብኳትም።»

«ኮምፓሱ እዚህ ላይ ነበር የሚቀመጠው?»

«እዚህ ነው። ሲወጣ አንገቱ ላይ ያጠልቀዋል መሰለኝ።»

ባንቻየሁ ጎንበስ ብላ ጠረጴዛውን ከሥሩ ዳበሰችው። እግሮቹም ሳንቃዎቹም የተያያዙት በእንጨት ችካል ነው። አንድም ሚስማር የለበትም። ይህን ያህል የደከመበት ሰው ለምን ደከመ የሚል ጥያቄ ጭንቅላቷ ውስጥ ገብቶ አልወጣ አላት።

ካሚል ደባርቅ ገበያ ዳር የጨውና የስኳር ሱቅ ያለው፣ ሃምሳ ዓመት የደፈነ ሰው ነው። ሱቁን ዘግቶ በሩ ላይ ተቀምጧል። ሳጅን አንዳርጋቸው በመንገድ ላይ ሰው ያቀበለውን ወሬ ለባንቻየሁ ሹክ ብሏታል፤ ከትናንት በስቲያ ካሚልና ሻምበል እዚሁ ሱቅ ውስጥ ሲጨቃጨቁ ጎረቤት ሰምቷል።

«'ከእንግዲህ ዝም አልልም' ብለው ጮኸውባቸዋል አሉ» አለችው። «ስለ ምን ነበር?»

«የሰው አደራ ነው፣ እመቤቴ። አልናገረውም።»

«ሰውየው ሞተዋል።»

«ለዚህ ነው የባሰብኝ። ሲሞቱ አደራው ይለቀኛል ወይስ ይብስ ይይዘኛል? ከነጋ ጀምሮ ይህንኑ ነው የማስበው» አለና ዓይኑ እንባ አቀረረ። ሳጅን አንዳርጋቸው ከባንቻየሁ ጀርባ ሆኖ «አገኘናት» በሚል ዓይን ጠቀሰ።

«ጠዋት እንዴት አገኟቸው?»

«ከሱብሒ ሶላት በኋላ ሁልጊዜ ዳቦ ይዤላቸው እሄዳለሁ። ክፍላቸው ተቆልፏል። ወደ ድንጋያቸው ሄድኩ፤ የሉም። ወደ ታች ሳይ ጋቢያቸውን አየሁት። ወርጄ አንድ ነገር አልነካሁም። ኮምፓሱን ሳይ ግን ግራ ገባኝ።»

«ለምን?»

«ከዱላቸው ጋር ሆኖ አይቼው አላውቅማ! ብረት አጠገቡ ካለ ውሸት ይናገራል ይሉኛል። እኔ እንኳ ወደ ጠረጴዛዋ ስቀርብ ቁልፌንም ሰንጢዬንም ደጅ አስቀምጬ ነው። ዱላው ሲወጣ ኮምፓሱ ቤት ይቀራል።»

መኪና ውስጥ ሲገቡ ሳጅን አላስቻለውም። «ካሚል ነው፣ ኢንስፔክተር! ተጣልቷል፣ ያገኘው እሱ ነው፣ የሚደብቀው ነገር አለው። ሌላ ምን ይምጣ?»

«እሱ ቢሆን ኖሮ ስለ ብረቱ ይነግረኝ ነበር?»

ሳጅን የመኪናውን በር ሳበና ዘጋው።

ቢራራን ያገኙት ግቢው ውስጥ የለቅሶ ድንኳን ሲተክል ነው። አርባ ዓመት የሆነው፣ ትከሻው ሰፊ፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ችካሉ መሬት ገብቶ አልቋል፤ እሱ ግን መምታቱን አላቆመም።

«አጎትህ ናቸው ያሳደጉህ?»

«አዎ። አባቴ እኔ ጡት ሳልጥል ነው የሞተ። ቆላ፣ ሰሌን ውኃ ገበያ ሄዶ፤ አውሮፕላን መታው።» መዶሻው ወረደ። «ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው። መኪና ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው።»

«ኮምፓሱንስ አስተምረውሃል?»

ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ሊል ቃጣው። «ልጅ ሆኜ ወደ ጠረጴዛዋ ከመቅረቤ በፊት ኪሴን ይፈትሹ ነበር። ሚስማር ከተገኘብኝ ጆሮዬ አለቀለት።»

«ትናንት የት አደርክ?»

«ዛሪማ። ጉም ስለነበረ።»

ባንቻየሁ አመስግናው ወደ አፋፉ ወጣች። የሻምበልን ድንጋይ ዞረችው፤ ሳትቀመጥበት እንደገና ዞረችው። የሚያስጨንቃት ነገር መልኩን ማሳየት ጀምሯል፤ መልኩንም አልወደደችውም። ስልኩ ጮኸ። ሙጃሂድ ነው።

«ንገሪኝ እንጂ! ተነሡ?»

«አልተነሡም፣ ወንድሜ። ሻምበል ዐርፈዋል።»

ያ ድምፀ ጎርናና ሰው እንደ ሕፃን ሲያለቅስ ሰማችው። ጠበቀችው።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ቢራራ አብሯችሁ ነው ያደረው?»

«ቢራራ? እሱማ ትናንት በቀን፣ ጉሙ ሳይመጣ፣ ምሳ እንኳ ሳይበላ አልፎን ወጣ። ሰላም ስንለው አልመለሰም። አንድ ሽማግሌ ተሳፋሪ እዚህ አውርዶ ነው የሄደው፤ የድሮ አየር ኃይል ነበርኩ የሚል፣ ወሬኛ ሰውዬ።»

ቀትር ላይ ባንቻየሁ ሁሉንም ሻምበል ክፍል ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ወይዘሮ እታለም አልጋው ጫፍ ላይ፣ ቢራራ በሩ አጠገብ፣ ካሚል ከካርታው ሥር፣ ቄስ መልከ ጼዴቅ ብቸኛው ወንበር ላይ። ደጅ የለቀስተኛው ድምፅ ከፍ ዝቅ ይላል። ባንቻየሁ ቁልፏን አውጥታ ለሳጅን ሰጠችና ኮምፓሱን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። መርፌዋ ጥቂት ዋዥቃ ረጋች።

«አባ፣ የጠየቁኝ ሁለት ነገር ነበር። ጉም ነው ወይስ የራሳቸው እጅ? መጀመሪያ ጉሙን እንየው። ሻምበል ያርጋል ለሾፌር ሁሉ የሚሉት ምን ነበር?»

«ባለህበት ቁም» አሉ ቄሱ።

«እስከ ዛሬ ዛሪማ ላይ ስንት መኪና አቁመው ያሳደሩ ሰው ራሳቸው በጉም ገደል ዳር አይራመዱም። ቢመጣባቸው እዚያችው ድንጋያቸው ላይ ይቀመጡ ነበር። ሳጅን፣ ዱላውን አምጣው።»

ሳጅን አንዳርጋቸው ብረት የለበሰውን ጫፍ ወደ ኮምፓሱ አስጠጋ። መርፌዋ ከቦታዋ ተንሸራታ ወደ ዱላው ዞረች። ሳጅን ደንግጦ ዱላውን ወደ ኋላ ሳበ።

«ለዚህ ነው ይህ ጠረጴዛ ሚስማር የሌለው። ሻምበል ኮምፓሱንና ዱላውን አብረው ይዘው ከቤት አይወጡም። ሊሞት የወሰነ ሰው ደግሞ ኮምፓስ ምን ያደርግለታል? ስለዚህ ኮምፓሱን ያጠለቀላቸው ሌላ ሰው ነው፤ መንገድ የጠፋባቸው እንዲመስል። ያ ሰው ይህን ክፍል መክፈት ይችላል። ስለ ብረቱ ግን አያውቅም። ካሚል ያውቃል፤ ቁልፉን ደጅ ይጥላል። ቢራራ ያውቃል፤ ጆሮው ምስክር ነው። እዚህ ግቢ ውስጥ ጠረጴዛው አጠገብ ዝር ብሎ የማያውቅ አንድ ሰው ብቻ አለ።»

ዓይን ሁሉ ወደ አልጋው ዞረ። ወይዘሮ እታለም ቀና አላሉም።

«ማታ ወደ ክፍሉ ሲገባ አየሁት ብለውኛል» አለች ባንቻየሁ፤ ድምፅዋ ለስልሷል። «ንጋት ላይ ወጡ ቢባል ዝናቡ ቀድሟቸው ነበር፤ ከሥራቸው ያለው ሣር ግን ደረቅ ነው። ከዝናቡ በፊት ወድቀዋል። ይህ አንድ። ሁለተኛውን ያለ ክፋት የነገሩኝ አባ ናቸው። እኔ ልጅ ሆኜ እናቴ ደጅ ሽማግሌዎች በንጋት መጡ። አባቴ ታሞ ጎንደር ተኝቶ ነበር፤ ታላቅ ወንድሜ ደግሞ ወታደር ሆኖ ግንባር ነው። እናቴ ሽማግሌዎቹን ስታይ የጮኸችው የልጇን ስም ነው። የሞተው ግን አባቴ ነበር። እናት መርዶ ደጇ ሲቆም መንገድ ላይ ያለ ልጇን ነው የምትጣራው፤ ሌላ አይመጣላትም።»

ባንቻየሁ ወደ ወይዘሮ እታለም ዞረች።

«በእርስዎ ቃል ልጅዎ ሌሊቱን መንገድ ላይ ነበር፤ ጉም ውስጥ፣ ስልኩ ተዘግቶ። ወንድምዎ ደግሞ እንደነገሩኝ አልጋቸው ላይ ተኝተዋል። ሽማግሌዎቹን ሲያዩ 'ቢራራ!' ብለው አልጮኹም። 'ያርጋልዬ' ነው ያሉት። ልጅዎ ደኅና መሆኑን፣ ወንድምዎ መሞታቸውን ያውቁ ነበር። እናት እንዲህ ያለ ነገር የምትደብቀው ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ሙጃሂድም ነግሮኛል፤ ቢራራ ዛሪማ አላደረም።»

«እሷን ተያት!» አለ ቢራራ። በሩን ተደግፏል። «እኔ ነኝ። ገፋኋቸው።»

«ዝም በል!» አሉ እናቱ።

«አልልም፣ እማ። በቃኝ። ያ ሽማግሌ ከጎኔ ተቀምጦ የድሮ ጀብዱ ያወራል። የአየር ኃይል ቴክኒሻን ነበርኩ ይላል። 'ሰሌን ውኃን የመታችውን አውሮፕላን እኔ ነኝ ያሰናዳኋት፤ ናቪጌተሯም የናንተው አገር ልጅ ያርጋል ነበር' አለኝ፤ የሚያስደስተኝ መስሎት! እንዴት አድርጌ ሊማሊሞን እንደወጣሁ አላውቅም። ድንጋያቸው ላይ አገኘኋቸው። 'አባቴን የገደልከው አንተ ነህ?' አልኳቸው። አንተ አልኳቸው። 'ቦምቡን የለቀቅሁት እኔ ነኝ' አሉኝ። ሌላ ምንም! ቢክዱ፣ ቢቆጡኝ፣ አንድ ነገር ቢሉኝ… ቆመው ዝም ብለው አዩኝ። ገፋኋቸው።»

ካሚል ከካርታው ሥር ተነሣ።

«አደራቸውን በላሁ፤ አላህ ይቅር ይበለኝ» አለ። «ቢራራ፣ ያን ቀን ሰሌን ውኃ ገበያ እኔም ነበርኩ። ልጅ ነኝ፤ ከአባቴ ጋር ጨው ይዘን። ገበያው ጢም ብሎ ሞልቷል። አውሮፕላኗ በቀጥታ በላያችን መጣች። አባቴ ከሥሩ አስተኝቶኝ የመጨረሻውን ጸሎት አደረሰ። አለፈችን። ቦምቡ የወደቀው ከገበያው ወዲያ፣ ሸለቆው ውስጥ ነው። ገበያው ውስጥ አንድ ሰው አልተነካም። ከዓመታት በኋላ ሻምበል ከእስር ወጥተው ወደዚያ መጡ። ሸለቆውን ወርደው ሲያለቅሱ ያገኘኋቸው እኔ ነኝ። በማነጣጠሪያው መስተዋት ሲያዩ የታያቸው ሴት፣ አህያ፣ ልጅ ነው። ሆን ብለው ቦምቡን አዘግይተው ለቀቁት። ለአለቆቻቸው 'ነፋስ ወሰደብኝ' አሉ። ሸለቆው ባዶ መስሏቸው ነበር።»

«ባዶ አልነበረም?» አለች ባንቻየሁ።

«የአውሮፕላኑን ድምፅ ሲሰሙ ገበያውን ትተው ወደ ሸለቆው የሮጡ ጥቂት ሰዎች ነበሩ። አባትህ አንዱ ነው፣ ቢራራ። ሻምበል ይህን ያወቁት እህታቸው ማቅ ለብሳ ሲያዩ ነው።»

ቢራራ ቀስ ብሎ መሬት ላይ ተቀመጠ። «ለምን አልነገሩኝም?»

«ይኸው እኮ ነው ያጣላን! 'ለልጁ ንገሩት፤ ከሌላ ሰው ከሚሰማ' አልኳቸው። 'ምን ልበለው? ገበያተኛውን ምሬ ነው አባትህን የገደልኩት ልበለው? ምሕረት አድራጊ ነኝ ብዬ ምስጋና ልጠይቀው?' አሉኝ። ከእንግዲህ ዝም አልልም ብዬ ጮኽኩባቸው። ያኔውኑ መጥቼ ብነግርህ ኖሮ…»

ወይዘሮ እታለም ነጠላቸውን ከፊታቸው ገለጥ አደረጉ። እንባቸው አልቋል።

«ሲመሽ ቢራራ መጥቶ ነገረኝ» አሉ። «አባቱን ማን እንደገደለውም፣ እሱ ምን እንዳደረገም፣ ሁለቱን ባንድ አፍ። በቀፎው መንገድ ወረድኩ። ነፍሱ አልወጣችም ነበር። ስለ ባሌ አልጠየቅሁትም። ልጠይቀው ነበር የወረድኩት፤ ፊቱን ሳይ ተውኩት። ጭንቅላቱን ጭኔ ላይ አደረግሁለት። 'ልጁ የት ነው?' አለኝ። 'ቤት ነው' አልኩት። 'እንዳይነዳ፤ ጉም ነው' አለኝ። ከዚያ…» መዳፋቸውን ጭናቸው ላይ አሳረፉ። «ከዚያ 'መንገድ ጠፋው በያቸው' አለኝ።»

ዕድሜ ልካቸውን መንገድ ስተው የማያውቁ፣ በዚህም ብቻ ይኮሩ የነበሩ ሰው፣ የቀራቸውን አንድ ክብር ለዚያ ልጅ ሰጥተውት ሄደዋል። ባንቻየሁ ፊቷን ወደ ካርታው አዞረች፤ ፖሊስ ስታለቅስ መታየት የለባትም ብላ።

«ቃሉን እውነት ለማስመሰል ነው ኮምፓሱን ያመጣሁት» አሉ ወይዘሮ እታለም። «መንገድ የጠፋው ሰው የሚይዘው መስሎኝ።»

ቄስ መልከ ጼዴቅ ተነሡ። ጥላቸውን ፈልገው አጡት፤ ያለ ጥላ ወደ በሩ ሄዱ። «ያርጋል ፍታት ይፈታለታል» አሉ። «የሚከለክለኝ የለም።»

ሳጅን አንዳርጋቸው ካቴናውን አውጥቶ ባንቻየሁን አያት። ቢራራ እጆቹን ዘረጋ፤ ግን ወደሷ ቀና ብሎ «ቃሬዛውን ልሸከም። ከዚያ በኋላ የፈለጋችሁትን» አላት።

ሕጉ ምን እንደሚል ታውቃለች። ሳጅንም ያውቃል።

«ከጎኑ አትለይ» አለችው ሳጅንን። «ካቴናውን መቃብሩ ጋ ስትደርሱ።»

ቃሬዛው ከግቢው ሲወጣ ከፊት ቢራራ፣ ከጎኑ ካሚል ነበሩ። ሁለቱ አልተነጋገሩም፤ እርምጃቸው ግን አንድ ሆነ። ወይዘሮ እታለም ከኋላ እየተከተሉ የወንድማቸውን ስም ይጣራሉ፤ ጥቂት ቆይተው የልጃቸውን ስም ይጣራሉ። ለቀስተኛው ይህን አላስተዋለም። ባንቻየሁ አስተዋለች።

እሷ ቀብሩ ላይ አልሄደችም። ወደ አፋፉ ወጣች። ከቆላ በኩል ጉሙ እየወጣ ነው፤ መንገዱን እጥፋት በእጥፋት እየሸፈነ። ኪሷ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። የማታውቀው ስም ነው።

«ሻምበል ናቸው?»

«አይደሉም።»

«አዬ። ሙጃሂድ ያለው እውነት ነው እንግዲህ። እኔ ከታች ነኝ፤ ልወጣ ነበር። ማንን እንደምጠይቅ ጨነቀኝና ዝም ብዬ ደወልኩ።»

ባንቻየሁ ወደ ታች ተመለከተች። ስለ ነፋስም ስለ ጉምም የምታውቀው ነገር የለም። ግን መንገዱ አይታያትም፤ ይህን ያህል ማንም ያነባል።

«ጉም ገብቷል» አለችው። «ባለህበት ቁም።»

«እሺ፣ እቴ። እግዜር ይስጥልኝ።»

ሳትዘጋው ሌላ ጥሪ ገባ። ባንቻየሁ የሻምበል ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና አነሣችው።